ሯጭን ሲሮጥ ማንሳት

ሯጭ ፎቶ የሚነሳው ካሜራውን ከሰውየው ጋር እኩል እያዞሩ ነው፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። የማያውቁት ሯጮቹ ናቸው!

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ወጣቶች ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲሮጡ፣ ቁልቁለቱ ላይ አድፍጬ ጠበቅኳቸው። መሪው ካሜራዬን እንዳየ ቀጥ ብሎ ቆመ። ላቡን ጠርጎ፣ ካናቴራውን ቁምጣው ውስጥ ከቶ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣበቀ።

«ሩጥ እንጂ አንተ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆሜ አንሳኝ፤ ስሮጥ መልኬ ይበላሻል» አለኝ።

ከኋላ የደረሱትም አጠገቡ ተሰለፉ፤ አጫጭሮቹ ከፊት ተንበረከኩ።

ከዳገቱ ላይ ሆነው ይህን ያዩት የቀበሌው ሊቀመንበር ከዘራቸውን እያወዛወዙ «ሩጡ!» እያሉ ቁልቁል በረሩ። ተናድጄ ካሜራዬን ከሳቸው ጋር አዞርኩ። ከዚያ ሁሉ ፊልም ሲሮጡ የወጡልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ፎቶውን ሳሳያቸው ተቆጡ። «‹ጓድ ሊቀመንበር፣ ቆም ይበሉ› ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።