በሞጣ ማንን ታውቂያለሽ

ከቢቸና በወጣሁበት ዋዜማ፣ ገና ሲመሽ፣ የማርያም ማኅበርተኞቼ ቤቴን ሞሉት። ጠላውን ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው፤ የእኔ ጋን ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። እንደ ለቅሶ ቤት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። አንዷ፣ ስሟን ብጽፍ ትቀየመኛለች፣ ዐይኗን እየጠረገች «ነፍስሽን...» ብላ ጀምራ አፏን ያዘች። «የምሄደው ሞጣ ነው እንጂ ሰማይ ቤት አይደለም፤ ጠላውን ቅጂ» አልኋት። ሳቁ። ሲወጡ ግን የድግስ ተራዬን ለማን እንደሚሰጡ ደጃፍ ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ገና ደህና ነው።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ እንደ እኔም በስተርጅና ጓዛቸውን ጠቅልለው ልጅ ቤት ለገቡ ሁሉ። ስደት ሲባል ባሕር የተሻገረ ሰው ብቻ ይታያችኋል። እኔ የተሻገርኋቸው ወንዞች በበጋ ቁርጭምጭሚት አያርሱም፤ ቢሆንም ስደተኛ ነኝ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ዳዊት ሳልጨርስ ተዳርሁ። ስለዚህ ፊደሌ ቢጣመምም የምለው ነገር ቀጥ ያለ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ውሃዬን የምትቀዳው፣ ራሴን የምታጥበኝ ሴት ልጄ ውዴ ነበረች። ቤቷ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው። ሞጣ የሚነግደው ወንድ ልጄ ይሁኔ ግን መጣና «ወንድ ልጅ እያለሽ በሴት ልጅ መጦር ለእኔ ነውር ነው» አለ። አገሬው ሁሉ ራሱን ነቀነቀለት። ውዴ መሬት መሬት አየች። እኔም ጉልበቴ እያመመኝ ስለነበር ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

በጭነት መኪና፣ ጋቢና የሚሉት ከሹፌሩ ጎን፣ ተቀምጬ ሄድሁ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ ደጋግሜ አማተብሁ።

«እማማ፣ ክንድዎ ማርሹን እየነካብኝ ነው» አለኝ ሹፌሩ።

«ማርሹን ወዲያ አድርገው፤ የምሳለመው ማርያምን ነው» አልሁት። እስክንደርስ ድረስ በአንድ እጁ እየነዳ፣ በአንድ እጁ ክንዴን እየገፋ ተጓዝን።

ሞጣ መጥፎ አገር አይደለም። ገበያው ከቢቸና ይሰፋል፤ ይህን ስጽፍ እጄን ቢያመኝም እውነት ነው። ጠላቸው ግን ጌሾ ይበዛበታል፤ ሲጠጡት ምላስን ይቆነጥጣል። የልጄ ቤት ቆርቆሮ ነው። የእኛ ሣር ክዳን ዝናብ ሲመጣ ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ቆርቆሮው ግን ሰውና ሰው እንዳይሰማማ ያደርጋል። መቼም የማዋየው ሰው አልነበረኝም። ቢቸና ጎረቤት የሚገባው አንዴ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው። እዚህ በር ተዘግቶ ይውላል፤ ስታንኳኪ ከውስጥ «ማነው?» ይሉሻል። «እኔ ነኝ» ትያለሽ። ለማያውቅሽ ሰው ደግሞ «እኔ ነኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ምራቴ ክፉ አይደለችም። ምስር ልልቀም ስል «እርስዎ ይረፉ»፣ ጤፍ ልንፋ ስል «እርስዎ ይረፉ» ትለኛለች። ቡፌ የምትለው የብርጭቆ ቁም ሣጥን አላት፤ ነጭ ዳንቴል አልብሳው ማንም አይነካውም። እኔንም ነጭ ጋቢ አልብሳ ከጎኑ አስቀመጠችኝ። እንግዳ ሲመጣ ቡፌውን አይቶ፣ ቀጥሎ እኔን አይቶ «እግዜር ያቆይልሽ» ይላታል። ለማንኛችን እንደሆነ አይታወቅም።

ክረምቱ እንደወጣ ይሁኔ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እምዬ፣ ሰው ነሽና ኑዛዜሽን ብታደርጊ። የቢቸናው ቤትና መሬት ያለ ወረቀት መቅረት የለበትም። ምስክር የሚሆኑ ሰዎች አሉኝ፤ ትልልቅ ነጋዴዎች ናቸው።»

«ለማን ነው የምናዘዘው?»

«ውዴ ባል አላት፤ የባሏን መሬት ትበላለች። የምጦርሽ እኔ ነኝ።»

«መሬቱን እኔ ከማን አገኘሁት?»

«ከአባትሽ።»

«እኔ ወንድ ነበርሁ?»

ሳቀ። ሲስቅ የአባቱን ጥርስ ያሳየኛል፤ ልቤም ሊራራ ይነሣል። «እናዘዛለሁ፤ ምስክሮቹን የማመጣው ግን እኔ ነኝ» አልሁት።

«በሞጣ ማንን ታውቂያለሽ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው። ያ ነው ያንገበገበኝ። ቢቸና ብሆን ደጄ ላይ ቆሜ ብጣራ አገር ይመሰክርልኛል። እዚህ ብሞት የመጨረሻ ቃሌ ልጄ «እንዲህ አለች» ያለው ይሆናል፤ ውዴም መሬት መሬት ታያለች።

በማግስቱ በትሬን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድሁ። መዝገብ ቤት ውስጥ ከሐረር ተዛውሮ የመጣ አንድ ቀጭን ጸሐፊ አገኘሁ። ሞጣ ስለበረደው በቀትር ካፖርት ለብሷል።

«እማማ፣ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። የሚያውቁዎት ሰዎች መሆን አለባቸው» አለኝ።

«ልጄ ያውቀኛል።»

«ወራሽ ነው፤ አይሆንም።»

«ምራቴ።»

«እሷም አትሆንም።»

«ሌላ የሚያውቀኝ የለም።»

«እንግዲያ ሰው ይተዋወቁና ይምጡ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ሕጉ ዕድሜ አይጠቅስም። ፕሮሲጀር ነው፤ የአሠራር ሥርዓት።»

«ሕጉ ለመተዋወቅ ስንት ጊዜ ይበቃል ይላል?»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «እኔ እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የማውቀው አከራዬን ብቻ ነው። እሷንም ባላውቃት ይሻለኝ ነበር» አለ።

መጀመሪያ ማኅበር ፈለግሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወይዘሮ ዘነቡ የምትባል፣ እንደ እኔ በትር የያዘች ሴት አገኘሁና ማኅበራቸው እንድታስገባኝ ጠየቅኋት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ተራሽ ሲደርስ የት ነው የምትደግሺው?»

ማኅበር በየወሩ ከቤት ቤት እየዞረ የሚደገስ ነው፤ እኔ ቤት የለኝም። የምራቴን ቡፌ ማኅበርተኛ ጠላ ቢያፈስበት ምን እንደሚመጣ ታየኝ። ከቢቸና ስወጣ ያጣሁት ቤቴን ብቻ መስሎኝ ነበር። ደጋሽነቴንም አጥቼ ኖሯል። መደገስ የማይችል ሰው ይበላል እንጂ አይቆጠርም።

ሳምንቱን ሙሉ ሳብሰለስል ከረምሁና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና ያዝኋት።

«ሰንበቴ አላችሁ?»

«ሰንበቴ የሌለው ደብር አለ?»

«ሰንበቴ የሚበላው የት ነው?»

«ደጀ ሰላም ነዋ፤ ሌላ የት...» ብላ አቋረጠችና ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ተንኮለኛ ነሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን። ሰንበቴ ቤት አይጠይቅም፤ ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ደጀ ሰላም መድረስ ነው። ተራዬ ሲደርስ ጠላውን በእሷ ጋን፣ በእኔ እጅ፣ በቢቸና ልክ ጌሾ አድርጌ ጠመቅሁ። የሞጣ ሰዎች ቀጠነ እያሉ ጨረሱት።

ሁለተኛዋ ምስክሬ ሐሊማ ናት። ከልጄ አጥር ማዶ ትኖራለች፤ ባሏ ሸማኔ ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጥጥ ስትፈትል አይቼ «ክርሽ ወፈረ» አልኋት። «ዐይንሽ ነው የወፈረው» አለችኝ። እንዝርቴን ይዤ ዞርሁና ከጎኗ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ ቡፌው ብቻውን ይቀመጥ ጀመር። ሦስተኛው የነፍስ አባት አድርጌ የያዝኋቸው አባ ናቸው። ጸሐፊው ጋም በገበያ ቀን፣ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ የደረስሁበትን ልነግረው ጎራ እላለሁ። እሱ ስለ እናቱ ያወራኛል፤ እኔ ስለ ውዴ።

«አንድ ምስክር ጎደለኝ» አልሁት አንድ ቀን።

«ይፈልጉ እንጂ።»

«አሁን አንተ ታውቀኛለህ ወይስ አታውቀኝም?»

ቆሎውን አላምጦ ዋጠና «ከሥራ ሰዓት ውጭ አውቅዎታለሁ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጄ ግቢ እንዲሰበሰቡ ቀጠርኋቸው። ይሁኔ ሐሊማን ሲያይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እምዬ፣ በክርስቲያን ኑዛዜ እስላም ትመሰክራለች?»

«ሐሊማ እንደማትዋሽ አውቃለሁ። የአንተን ጓደኞች የማውቀው ሃይማኖታቸውን ብቻ ነው።»

አባ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ ከመንገዱ በኩል ከባድ ዋይታ ተሰማ። «የማን ለቅሶ ነው?» አልኋት ዘነቡን። አታውቅም። በደጃችን ሲያልፍ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልደርስ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ውዴ ናት፤ ፊቷ ተቧጥሮ፣ ከኋላዋ የቢቸና ማኅበርተኞቼ ደረት እየመቱ።

ለካ ያ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የነፍስ አባት ጠርታ ልትናዘዝ ነው የሚለውን ከልጄ ሱቅ ሰምቶ ቢቸና ገበያ ላይ ነገረ። በእኛ አገር ቆሞ የሚናዘዝ ማን አለ? የነፍስ አባት ለኑዛዜ የሚጠራው ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ሴቶቹ ቀኑን ቆጥረው ቆጥረው እስከ አሁን ሞታለች ብለው እንባውን ከደብረ ወርቅ ጀምረውታል።

ውዴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እማዬ፣ አለሽ?» አለች።

«አለሁ። ግቢ፤ ጠላ አለ።»

ያቺ ስሟን የማልጽፈው ማኅበርተኛዬ ሳጓን ዋጥ አድርጋ «ይህን ሁሉ መንገድ አልቅሰን ቆመሽ ትጠብቂናለሽ?» አለችኝ። ተቀይማለች።

ግቢው ግጥም አለ፤ ቢቸና በአንድ በኩል፣ ሞጣ በሌላ በኩል። አባ በእጄ የጻፍሁትን አነበቡ፤ ቤቱም መሬቱም ለይሁኔና ለውዴ እኩል፣ በገመድ ተለክቶ፣ አንዱ ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሌላው ይመርጣል። ይሁኔ ተነሣ።

«እኔ እየጦርሁሽ እኩል? በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«ራሴን ያጠበች እሷ ናት፤ ቆርቆሮ ያለበሰኝ አንተ ነህ። ሁለቱንም አልረሳሁም። ጡረቴን በመሬት የምትሸጥልኝ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ከውዴ ጋር መኪናው ላይ እወጣለሁ» አልሁት።

ይሁኔ ወደ አባ አየ፤ ወደ ጸሐፊው አየ። ሁሉም እሱኑ ያዩታል። ቁጭ አለ። ውዴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት አላየችም፤ ወንድሟን አየችው። አራቱም ምስክሮች ፈረሙ፤ ሐሊማ በአውራ ጣቷ።

ጸሐፊው በመጨረሻ «የቀብር ቦታዎስ? አልተጠቀሰም» አለ። ባይጠይቅ በወደድሁ። «ቢቸና ነዋ፣ ባሏ አጠገብ» አሉ ከወዲያ የቢቸናዎቹ። «ሰንበቴያችን ምን ሊሆን ነው? የምንቀብራት እኛ ነን» አለች ዘነቡ። እኔ መካከል ተቀምጬ በሬሳዬ ተጣሉ። «ይቆይ» አልሁ፤ ቦታው ባዶ ቀረ።

ይሁኔ እስከ ዛሬ የሚያናግረኝ በምራቴ በኩል ነው። «እናቴ ጉልበቷ እንዴት አደረ በያት» ይላታል፤ እኔም ፊቱ ተቀምጬ «ደህና አደረ በይው» እላታለሁ። የሰንበቴ ዳቦዬን ግን ሲከብደኝ አይቶ ሳይናገር ተሸክሞ ይወስድልኛል።

ባለፈው ከስልክ ቤት ውዴን አስጠራኋት። ኦፕሬተሩ ቶሎ ጨርሱ እያለ ያጣድፋል። ውዴ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋ አነሰ።

«እማዬ፣ ያን ባዶ የተውሽውን... የት ይሁን? ማኅበርተኞችሽ እየጠየቁኝ ነው። መቀመጫሽ ላይ ማንም አልተቀመጠም።»

«ስልኩን ወደ በሩ ዘርጊው» አልኋት።

«ምን ላድርገው?»

«ዘርጊው ብያለሁ።»

ዘረጋችው። የቢቸና ገበያ ተሰማኝ፤ አህያ፣ የሚጨቃጨቁ ሴቶች፣ ከሩቅ ደግሞ የማርያም ደወል የመሰለኝ ነገር። ኦፕሬተሩ «እማማ፣ አይናገሩም እንዴ? መስመሩ ተይዟል» አለኝ። እጄን አንሥቼ ዝም አሰኘሁት።

ውዴ ስልኩን መልሳ «እማዬ፣ ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለች።

«ገና ሰው እየተዋወቅሁ ነው በያቸው» አልኋት። «መቀመጫዬን ግን እንዳይነኩት።»