በታዴዎስ ነጥቦች መሃል

ኢምባካሲ ሰፈር በሚገኙት የብረት ጋራዦች እህተማርያምን የማያውቅ የለም። ከኢስትሊ ሰፈር በማታቱ፣ በሕዝብ ታክሲው፣ መጥታ፣ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትገባ ፉንዲዎቹ፣ የጋራዡ ባለሙያዎች፣ መዶሻቸውን ያሳርፋሉ። ሥራዋ የብረት ጥንካሬ መለካት ነው። ሙያውንም መሣሪያውንም የወረሰችው ከባሏ ከታዴዎስ ነው። እሱ በኩላሊት ሕመም ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ከሉን አላወለቀችም።

መሣሪያው የእጅ ባትሪ ያህላል። በቱቦው ውስጥ ጫፉ ላይ ጠንካራ ኳስ ያለው ትንሽ መምቻ አለ፤ ሞላው ሲለቀው ብረቱን መትቶ ይነጥራል። ጠንካራ ብረት መልሶ ያፈናጥረዋል፣ ለስላሳ ብረት ጉልበቱን ይውጥበታል፤ ልዩነቱ በመሣሪያው ትንሽ መስኮት ላይ በቁጥር ይወጣል።

ታዴዎስ ሲያስተምራት፣ ቱቦው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ ዘይት አይነካውም ይላት ነበር። ደግሞም ከሥራ በፊት መሣሪያው በማመሳከሪያው ብረት ላይ መፈተን አለበት፤ ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ካልሰጠ ሥራ የለም። ማመሳከሪያው ትንሽ ዳቦ የመሰለ ክብና ወፍራም ብረት ነው። እያንዳንዱ ምት ገጹ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነጥብ ይተዋል። የተመታ ቦታ ስለሚጠነክር እዚያው ወይም እዚያው አጠገብ ዳግም አይመታም።

ታዴዎስ ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ ነጥቦቹን እንደ ትልም ደርድሮ ነበር። እሱ ሲያርፍ እሷ ከመጨረሻው ነጥብ ቀጠለች። ማታቱ ውስጥ ተቀምጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ከትታ ገጹን ትዳስሳለች፤ የእሱ የሚያልቅበትን፣ የእሷ የሚጀምርበትን ጣቷ ያውቀዋል።

ከአርባው በኋላ ልብሱን ለነዳያን ስትሰጥ ጎረቤቶቿ አብረዋት ነበሩ፤ የሟች ልብስ ቤት አይከርምም ብለው ጫማውን ሳይቀር አስወጧት። ስለ ብረቱና ስለ ብሩሹ ግን ማንም አልጠየቃትም። የብሩሹ ጸጉር አልቆ እጀታው ሲቀር፣ እሱ የያዘው ነው ብላ በዚያው ጠረገች። የማመሳከሪያው ገጽ ሞልቶ ባዶ ቦታ ሲያልቅ፣ አዲስ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጅ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ በታዴዎስ ነጥቦች መሃል መምታት ጀመረች። ቁጥሩ ልክ መጣ። ዛሬም አብሮኝ ነው አለች በልቧ።

የአብዱረህማን ጋራዥ የጭነት መኪና ሻፍት ይሠራል። ሰውየው ድሬዳዋ ያደገ ነውና አማርኛው አይታማም። የእህተማርያም የጠመኔ ምልክት ያላረፈበት ሻፍት ከግቢው አይወጣም። ሻፍቶቹን በእሳት አግሎ ዘይት ውስጥ እየነከረ የሚያጠነክረው ሱራፌል ነበር፤ ታዴዎስን እንደ ታላቅ ወንድሙ ያይ የነበረ፣ የለቅሶው ድንኳን ሲተከል ገመድ የሳበ ሰው።

ዝናቡ ሲገባ መሣሪያው የሱራፌልን ሻፍቶች ለስላሳ ናቸው ይል ጀመር። ገጻቸውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላ ደግማ ብትለካም ያው ነው፤ ጠመኔዋን ሳታነሣ ትመለሳለች። ጓደኞቹም ቀልድ አገኙ፤ ሱራ ቅቤ መሥራት ጀምሯል፣ ዳቦ አምጡ ይሉታል። መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ። በኋላ ተወው።

አንድ ቀን በሩ አጠገብ ጠበቃት። ሞረድ ይዟል። ወድቋል በተባለው ሻፍት ላይ ሲስበው ሞረዱ ሳይነክስ፣ መስተዋት ላይ እንዳለ ሁሉ ተንሸራተተ።

«አዩት እትዬ? ለስላሳ ቢሆን ሞረዱ ይነክሰው ነበር። ብረቱ ያው ነው፣ እሳቱም ያው ነው። ታዲያ የላላሁት እኔ ነኝ?»

«በማመሳከሪያው ላይ ልክ ነው፣ ሱራዬ» አለችው። «የታዴዎስ መሣሪያ ነው።»

ስሙ ሲነሣ ሱራፌል ሞረዱን ወደ ኪሱ መለሰ። «እንግዲያስ እኔ ነኝ» ብሎ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ አብዱረህማን አሰናበተው።

የሞረዱ ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። በመጨረሻ ወደ ሱቁ ገብታ አዲስ ማመሳከሪያና አዲስ ብሩሽ ገዛች። እዚያው ባንኮኒው ላይ መታች፤ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ። ቱቦውን በአዲሱ ብሩሽ ስትጠርገው የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ብናኝ ወጣ። ደግማ ስትመታ ቁጥሩ ቦታው ገባ። ቆሻሻው ቁጥሩን ወደ ታች ሲጎትት፣ የጠነከሩት የታዴዎስ ነጥቦች ወደ ላይ እየገፉት ከርመዋል፤ ሻፍቶቹ ላይ ግን ወደ ላይ የሚገፋው አልነበረም። አሮጌው ብረት ልክ ነህ ያለው፣ ልክ ያልነበረውን መሣሪያ ነው።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄዳ ለአብዱረህማን በሠራተኞቹ ፊት ነገረችው።  እሱም፣ በሱራፌል ቦታ የገባው አዲስ ሠራተኛ ሻፍቶቹን ይበልጥ ላጠንክር ብሎ እሳት ውስጥ ደግሞ እንደከተታቸው፣ እንደተሰነጠቁም ነገራት። ሱራፌል ስልኩ ዝግ ነው፤ ከጭነት መኪና ጋር ወደ ጁባ ሄዷል የሚሉ አሉ።

«አንድም አልተረፈ?»

«አንድ አለ፣ እህቴ። ከአጥሩ ሥር፣ ዝናብ ላይ።»

ዝገቱን ፈግፍጋ፣ ገጹን አስተካክላ ለካችው። ልክ ነበር። ስለ ቅቤው የቀለዱት ዙሪያዋን ቆመው ያያሉ። ጠመኔው እርጥብ ብረት ላይ አልይዝ አላት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ ሻፍቱን አደረቀችበትና ምልክቷን አሳረፈች፤ ከጎኑ ሱራፌል ብላ ጻፈች። ከጣሪያ ሥር አስገቡልኝ አለቻቸው። አስገቡላት።

ወደ ኢስትሊ ስትመለስ ነጠላው ረጥቦ፣ ዝገት ይዞ ጭኗ ላይ ነበር፤ ትከሻዋን በረዳት። እጇን እንደ ልማዷ ወደ ቦርሳዋ ከተተች። አዲሱ ብረት ከጥቂት ነጥቦች በቀር ልሙጥ ነው። አሮጌው ከሥሩ አለ፤ እጇ ወደዚያ አልወረደም። ጣቷ ልሙጡ ላይ ሲዞር፣ የሚያርፍበት ሲያጣ እስከ ኢስትሊ መጣ።