ያላገባች ለመባል

ለማግባት መጀመሪያ ያላገባሁ መሆኔን ማስመስከር እንዳለብኝ የነገሩን የግብፆች ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው። እጮኛዬ ግብፃዊ ነው። ዮርዳኖስ፣ ጀበል አማን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እኔ ከምሠራበት ቤት ትይዩ ያለውን ሕንፃ ይጠብቃል። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ፣ እሱ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ እየተያየን ነው የተዋወቅነው። ቄሱ የእሱን ወረቀቶች አገላብጠው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንቺ ደግሞ ከአገርሽ ይምጣ። አግብታ አታውቅም የሚል፣ ማኅተም ያለበት።»

ቀላል መሰለኝ። እኔ ወንድን ቀና ብዬ ማየት እንኳን የጀመርኩት እዚህ አገር መጥቼ ነው። ይህን የማይመሰክርልኝ የሰፈራችን ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ለእናቴ ደወልኩ። የኛ ቀበሌ ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ ሽማግሌዎች ቀርበው፣ ምለው ሲመሰክሩ ወረቀቱ ይጻፋል። እናቴ «ይሁን» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወች። ዓርብ ዓርብ ሳናወራ ቀርተን አናውቅም ነበር። እጮኛዬ ከበሩ ላይ ሆኖ «ወረቀቱስ?» ይለኛል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

አንድ ቀን አነሳች። ማዳም ምሳ በልታ ተኝታ ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ ሩዝ የሚሞላበትን ኮሳ የሚሉትን ትንሽ ዱባ እየቦረቦርኩ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉ» አለች።

«ለምን?»

«ድግሱን በልተናል ነው የሚሉት።»

«የምን ድግስ?»

ዶሮዎቿ ይሰሙኛል።

«የእህትሽን ሰርግ ታስታውሻለሽ?»

እንዴት አላስታውስም። አዲስ ቀሚስ ተገዝቶልኝ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ እጄ በእንሶስላ ቀልቶ፣ ከእህቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ጉንጬን ይስመኛል። የሙሽራዋ እህት ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም።

«ያ ቀን የአንቺም ነበር» አለች እናቴ። «አባትሽ ሁለቴ መደገስ አልቻለም። በአንድ ድግስ ሁለታችሁንም ዳርናችሁ። ስታድግ ይወስዳታል ተባለ። ከዚያ አባትሽ ሞተ፤ አንቺም ከአገር ወጣሽ፤ ነገሩ ተረሳ።»

«ማነው?»

«የወዲያ ማዶ ልጅ ነው። አሁን ሚስት አለው፤ ወልዷል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጄ።»

ቢላዋው ኮሳውን በስቶት ወጣ። ፓስፖርት ላወጣ የሄድን ቀን «አግብተሻል?» ሲሉኝ «አላገባሁም» ስል፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች እንጂ ምንም አላለችም። አሁን መጮህ ፈለግሁ። በእናቴ ላይ ጮኼ ስለማላውቅ ሌላ ኮሳ አነሳሁ።

ለእጮኛዬ በማግስቱ ነገርኩት። የተሸከመውን ባልዲ አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር።»

«እኛ አገር ለሁለት ሰው የሚሸጠው አፓርታማ ብቻ ነው» አለ። ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ፈትታለች የሚል ወረቀት ከመጣ ቄሱ እሺ አይሉም። አግብታ አታውቅም ካላለ፣ ጋብቻችን የለም በይው።»

ይህን ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ማዶ ተሻግራ፣ ልጁ ራሱ ሽማግሌዎቹን እንዲያነጋግርላት ለመነችው።

ዓርብ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። «እኔ ነኝ» አለ። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

ሳቀ። «ኧረ አንቱ አትበይኝ። ያን ቀን እኔም ንፍጤን የሚጠርግልኝ ሚዜዬ ነበር።» ቀጥሎም፣ «እናቴ ግን እስከ ዛሬ ‹ምራቴ ዓረብ አገር ናት› ትላለች። ባለቤቴ ስትሰማ ታኮርፋለች» አለ።

ይህን ሁሉ ዓመት የአንድ ሴት ምራት ነበርኩ። በስሜ የሚኮረፍበት ቤት ነበረ። «ይቅርታ» አልኩት።

«ምን አድርገሽ? ቤቴ አልገባሽ፣ እጅሽን አልያዝኩ። እሄድላቸዋለሁ።»

ሄደላቸው። የሆነውን እናቴ ነገረችኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እሺ አሉ። አንደኛው እንዲያውም «ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም፤ እሱ ከተዋት እኛ ምን ቤት ነን?» ብሎ ቀለደባት። ሦስተኛው ግን «የበላሁትን ድግስ አልክድም» ብሎ ዱላውን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ቀበሌው ደግሞ ከሦስት በታች አይቀበልም።

ከዚያ በኋላ የወረቀቱ ፎቶ በስልኬ መጣ። እጮኛዬ አማርኛ ስለማያነብ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱን መስመር በዓረብኛ ነገርኩት። አግብታ የማታውቅ መሆኗን ምስክሮቹ አረጋግጠዋል ይላል። ማኅተሙም አለ። ከታች ሁለት የጣት አሻራና አንድ ፊርማ።

«አሻራዎቹ የማን ናቸው?»

«የሽማግሌዎቹ።»

«የፈረመውስ?»

ቁልቁል መንገዱን እያየሁ፣ «ባሌ ነው» አልኩት።

ስልኩን ከእጄ ወስዶ ፊርማውን በሁለት ጣቱ አተለቀው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መለሰልኝና፣ ዋናው ወረቀት ሲደርስ አብረን ለቄሱ እንወስደዋለን አለኝ።