ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ የአባባ ትምህርቶች

የእህቴ ሥራ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የለጠፉትን ማጥፋት ነው። ኩባንያው ሩቅ አገር ነው፤ እሷ ግን እዚሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ትውላለች። አባባ «መቀስ» ይላታል።

«መቀስ፣ ዛሬ የማንን ምላስ ቆረጥሽ?»

«ያንተ ተራ ገና ነው፣ አባባ!»

እንስቅ ነበር።

አባባ የሂሳብ አስተማሪ ነበር። እግሩ ከከዳው በኋላ አልጋው አጠገብ ሰሌዳ ሰቀልንለት፤ እሱ ያስተምራል፣ እኔ በስልክ እቀርጻለሁ። በአራት ዓመት፣ በስሙ በከፈትነው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ትምህርት ለቀቅን። ስልኩ ቶሎ ስለሚሞላብኝ የለቀቅኩትን ወዲያው ከስልኩ እሰርዝ ነበር። አምና ቀኝ እጁ ዛለ፣ ምላሱም ትንሽ ተሳሰረ። አዲስ መቅረጽ ቀረ። ጠዋት ሲነቃ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ልጆቼ ምን አሉ?» ብሎ ነው። ተማሪዎቹ የጻፉለትን አነብለታለሁ።

ዘንድሮ መንግሥት ሕግ አወጣ፤ «የሕዝብን መንፈስ የሚረብሽ» የተባለን ነገር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ያላነሳ ኩባንያ ይቀጣል። ኩባንያው «ከተጠቃሚዎቻችን ጎን እንቆማለን» የሚል መግለጫ ሰጠ።

አንድ ማክሰኞ እህቴ ፊት የአባባ ትምህርት መጣ፤ አንድ መቶ አርባኛው። «መብራት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት ቢጠፋ፣ በአራት ሳምንት ስንት ሰዓት በጨለማ እንቀመጣለን?» ይላል አባባ፣ ጠመኔውን እያወዛወዘ። ይነሳ የሚል የመንግሥት ትእዛዝ ተያይዞበታል።

«አጥፋ»ን ብትጫን የሚጠፋው ያ አንዱ ብቻ ነበር። እጇ እምቢ አለ። ጉዳዩን ለበላይ የሚመራውን «ይጠየቅ»ን ተጫነች። የተጠየቀበት ነገር መልስ እስኪመጣ አይነካም፤ በዚህ ዘዴ የስንቱን ሰው ቃል አትርፋለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን አሠራሩን የሚለውጥ ማስታወቂያ ተልኮ ነበር። አራት መቶ ጉዳይ ተደርድሮ ሲጠብቃት ማስታወቂያ ማን ያነባል?

በማግስቱ አለቃዋን ጠየቀችው።

«ገጹ በሙሉ የት ሄደ?»

«ውይ፣ አንቺ ልጅ! በሃያ አራት ሰዓት መልስ ካልመጣ ገጹ እንዳለ ይነሳል ተብሎ የለ? አንዱን አጥፍተሽ ብታልፊው ኖሮ ሌላው ይተርፍ ነበር።»

«መልሱልኝ። የአባቴ ነው።»

«በምን እንመልሰው? ሕጉ የሚቀጣው ሳያነሳ የተወን ነው። ያጠፋውን ማን ተቆጥቶት ያውቃል?»

እሷም ሥራዋን አልለቀቀችም፤ የአባባ መድኃኒት ከዚያው ነው የሚገዛው። ማታ ስትገባ አባባ «መቀስ፣ ዛሬስ?» ሲላት፣ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ትልና እዚያው ትቆያለች።

ጠዋት ደግሞ ተራው የእኔ ነው።

«ልጆቼ ምን አሉ?»

«ኔትወርክ የለም፣ አባባ።»

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

«በቀን ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው?» አለኝ ዛሬ፣ በደህናው እጁ ጣቶች መቁጠር እየጀመረ።