ሳይጠረግ የቀረው ዱካ

የባሕር እንስሳት ማሳያው ገንዳ አጣቢ ሆደ ቡቡ ነው እየተባለ ይወራል። ትንሿ ቀንድ አውጣ የተበላች ዕለት ገንዳው ሥር ቆሞ ሰባት ጊዜ ተናፍጧል ይላሉ። መናፈጡስ እውነት ነው፤ ጉንፋን ይዞት ነበር።

በሊታው ናቫናክስ የሚባል ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ዓይኑ ለስም ያህል ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሲሳቡ የሚተዉትን ዝልግልግ ዱካ እየተከተለ ያድናል፤ ሲደርስባቸው ሳያኝክ ይውጣቸዋል፣ የገዛ ዘመዶቹን ጭምር። ትንሿን ደግሞ የአጣቢው የእህት ልጅ ለምርምሯ ከእንቁላል ጀምራ ያሳደገቻት ናት። የትንሿ ገንዳ ተሰንጥቆ እስኪጠገን ከአዳኙ ጋር በአንድ ገንዳ መቆየት ግድ ሆነባት።

«አጎቴ፣ አደራህን፣ ዱካዋን በየሰዓቱ በስፖንጅ ጥረግልኝ። የዓመት ልፋቴ ናት» አለችው ልጅቷ።

ሁለት ቀን ጠረገ። በሦስተኛው ቀን ለጎብኚዎች ስለ አዳኙ ሲያብራራ ልጅቷ መጣችና፣ «እሱን እንኳ ለእኛ ተወው፤ አጎቴ የሚያውቀው ስፖንጁን ነው» ብላ ሰው አሳቀችበት። እሱም አብሮ ሳቀ።

እሷ ምሳ ስትወጣ ስፖንጁን ጨምቆ መስታወቱን ሁሉ ወለል አድርጎ ጠረገ፤ አንዲት መስመር ብቻ አስቀረ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አዳኙ መስመሯን አገኛት። ትንሿ በታጠፈችበት ታጠፈ፣ በዞረችበት ዞረ፣ ሲደርስባት አፉን ከፈተ።

ልጅቷ ተመልሳ ገንዳው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ። አጎትየው እጁን እያደራረቀ ጠጋ አላት።

«አታልቅሺ የኔ ልጅ፣ አላኘካትም እኮ። እንዳለች ናት፤ ቤት ነው የቀየረችው።»