የደመቀች ወንፈል

ደመቀችን የማያውቅ ሰው ሲያያት የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ነጋዴ ትመስለዋለች። እኔ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ። ማሳችን ድንበርተኛ ነው፤ ሁለታችንም የመከላከያ ተጠባባቂ ነን። እሷ የጦር መኪና ሹፌር ነበረች፣ ማዕረጓም ሃምሳ አለቃ። እኔ ዘነበ ደግሞ ወጥ ቤት ነበርኩ። ድስት አማሳይ ብትሉኝም አልቀየምም፤ ሳይበላ የተዋጋ የለም።

ከሠራዊቱ የተመለሰች ጊዜ ማሳዋ ጦም አድሮ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «እርዱኝ» ብሎ ጎረቤቱን ያስቸግር ነበር። እሷ ግን መጀመሪያ የሁላችንም ማሳ ላይ እየዞረች ዋለች። ስትኮተኩት፣ ስታርም፣ ስትለቅም ከረመችና ከዚያ በኋላ «ነገ እኔ ዘንድ ኑ» አለች። የቀረ ሰው አልነበረም። እኛ አገር ወንፈል ማለት ይኸው ነው፤ የሰው ማሳ ላይ ያልዋለ ሰው አይጠራም።

የዛሬ ወር ገደማ ተጠባባቂዎችን ከተማ አዳራሽ ሰበሰቡን። ቆርቆሮው ግሎ ላቡ በጀርባችን ይወርዳል። ሰብሳቢው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ንግግር የማያልቅበት ሰው ነው። «ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው። እያንዳንዳችሁ ሠራዊቱን የሚቀላቀል ሰው ከጓደኛም ከቤተሰብም ይዛችሁ ኑ። ልክ እንደ ደቦ ጥሩ» አለን። አጨበጨብን። እኔማ እያጨበጨብኩ የማመጣውን ሰው መርጫለሁ፤ የሚስቴን ወንድም በረከትን። ቤቴ ከገባ ጀምሮ ከመሶቡ ዞር ብሎ አያውቅም። ለአገርም ለእኔም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ደመቀች ተነሳች። ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ፊቷን ጠመም አድርጋ ነው የምትቆመው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ደቦ አይደለም» አለች። «ደቦ የሚጠራው ድግስ ያለው ሰው ነው። ጠላውንና ንፍሮውን አቅርቦ ዳር ቆሞ ያሠራል። ይሄ ወንፈል ነው። ወንፈል የጠራ ሰው ደግሞ ረድፉን ራሱ ይመራል። እኔ እዚህ ሽንኩርቴን እየኮተኮትኩ የሰው ልጅ ሂድ ልበል?»

«ታዲያ ምን ይሁን እህቴ?» አላት ሰብሳቢው።

«መጀመሪያ እኔን መልሱኝ። የማሠልጠኛ መኪና ለመንዳት ዓይኔም እጄም ደህና ነው። ሰው የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው።»

ሰብሳቢው ስሟን መዘገበ። እኔም በረከትን በልቤ ወደ መሶቡ መለስኩት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ደመቀች አቤል የሚባል ወንድም አላት፤ ሃያን ያለፈ፣ ለእናቱ የመጨረሻ ልጅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ፈተናው አልሆነለትም። ካራቆሬ ሄዶ ባጃጅ ሲነዳ ቆየና ተመለሰ። ድሮም ሐሳቡ እንደ እህቱ ወታደር መሆን ነው። እናታቸው እትዬ ሙሉ ደግሞ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ የቆሙት በዚህ ልጅ ነው። ደመቀች ግንባር በነበረችበት ጊዜ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዙትን ጥለው ይሮጡ ነበር። እህቱ ልትመለስ መሆኑን ሲሰማ አቤል «እኔም» አለ። እትዬ ሙሉም ደመቀችን «ይሄን ልጅ ከወሰድሽብኝ ያጠባሁሽ ጡት ይፍረድብሽ» አሏት።

እኔ አማካሪ ልሁን ብዬ ገባሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ አገሩ ጎረምሳ ሞልቶት የለም? ሌላ ሰው ጥሪ። አቤልን ጤናው አይፈቅድም አስብይና አስቀሪው» አልኳት።

«የሰው ልጅ እየጠራሁ የእናቴን ልጅ ልደብቅ?» አለችኝ። «ነገ በምን ዓይኔ የሰው ደጅ አንኳኳለሁ ዘነበ?»

ተናደድኩባት። ጥያት ወደ ማሳዬ ሄድኩ።

የእትዬ ሙሉ ሽንኩርት ሲደርስ ወንፈሉ እዚያ ዋለ። ደመቀች ከረድፉ ራስ፣ አቤል አጠገቧ፣ እኔ ከእነሱ ቀጥዬ። ትንሽ እንደነቀልን አቤል «እታለም፣ እዚያ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት። አሁን እንኳ ትንሽ አጣፍጣ ትነግረው ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። እሷ እቴ!

«እግርህ ይላጣል። እንቅልፍ አትጠግብም። ልብህ ያልወደደውን ትእዛዝ ትፈጽማለህ። ንግሥት የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ አጠገቤ ተቀምጣ እየሳቀች ነው የሞተችው። ጆሮዬም የሄደው ያን ቀን ነው። ለእናቷ መርዶውን ያደረስኩት እኔ ነኝ። እዚያ እንዳሉት የሚዋደድ ሰው ደግሞ በዕድሜዬ አላየሁም። ይሄን ሁሉ ሰምተህ ከመጣህ ና። ብትቀርም ወንድሜ ነህ።»

«እየጠራሽው ነው ወይስ እያባረርሽው?» አልኳት።

«እያሳየሁት ነው» አለች፣ ቀና ሳትል።

አቤል ረድፉን እስከ ዳር ዘለቀ። የመጨረሻዋን ሽንኩርት ነቅሎ አፈሯን አራገፈና «እመጣለሁ» አለ። እትዬ ሙሉ ከኋላችን ቅጠሉን ሲቆርጡ ሁሉንም ሰምተዋል። ማጭዳቸውን ጥለው ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ደመቀች ብታነጥስ «ይማርሽ» የሚላት እናት አልነበራትም። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ውኃ ቀድታ ደጃቸው ላይ ታስቀምጣለች፤ እሳቸውም ሳያዩዋት ያስገባሉ። አንድ ቀን ማሳ ድንበር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ተይው ታዲያ» አልኳት።

«አልተወውም» አለች። «ግን ያማል።»

የመሄጃቸው ዕለት ጠዋት መንገድ ዳር ቆመናል። ወደ ጣርማ በር የሚወጣው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ደመቀች ሻንጣዋን አንስታ ልትገባ ስትል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፤ እትዬ ሙሉ ወረዱ። አቤልን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ደመቀችን ዞረው በደህናው ጆሮዋ በኩል ቆሙ።

«ወንፈል ነው ብለሻል አሉ።»

«አዎ እማዬ።»

«ወንፈል ብድር ነው። የወሰደ ይመልሳል። ልጄን ከማሳዬ ላይ ወስደሻል፤ መልሺልኝ።»

እኔ ብሆን እዚያው እምል እገዘት ነበር። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ደመቀች ግን ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

«አልዋሽሽም እማዬ። መመለሱ የእግዜር ነው» አለች። «ረድፉን ግን ከፊቱ ሆኜ እመራለሁ።»

እትዬ ሙሉ ዓይኗን ትክ ብለው አዩዋት። የሚቆጡ መስሎኝ ልገላግል ተጠጋሁ። እሳቸው ግን አንገቷን አቀፏት።

«እንግዲያው እስክትመለሱ ያንቺ ማሳ ላይ እኔ እውላለሁ» አሏት። «ብድሩ ይብዛብሽ። መጥተሽ ትከፍያለሽ።»

አውቶቡሱ ሄደ። እኛም በዚያው ባጃጅ ተመለስን። እትዬ ሙሉ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ደመቀች ማሳ ወረዱ። መኮትኮቻ ስላልያዙ ድንበሩ ላይ የተውኩትን የእኔን ልሰጣቸው፣ ከዚያም ቤት ሄጄ በረከትን ለወንፈሉ ልጠራው አሰብኩ። መጀመሪያ ግን አንድ ረድፍ ኮተኮትኩ።