የፒያሳው በር

ልጅ ሳለሁ ፒያሳን ሳላያት አውቃት ነበር። ያወቅኋት ሞላሌ፣ አባቴ ቤት፣ ምድጃ ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ብርዱ በበሩ ስንጥቅ እየገባ፣ እኛ ልጆቹ በአንድ ባና ተጠቅልለን፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ይተርኩልን ነበር። የጎረቤት ሽማግሌዎች የጅብና የጦጣ ተረት ሲያወሩ፣ እሳቸው የሚያወሩልን ስለ አንድ የአዲስ አበባ ጎዳና ነበር።

ያኔ እትዬ ሲናገሩ ፍሙ ራሱ የከተማ መብራት ይመስለኝ ነበር። ጣሊያን ሳይመጣ ሰፈሩ አራዳ ይባል እንደነበር፣ ትልቁ ገበያም እዚያ ይውል እንደነበር፣ ፒያሳ የተባለው በኋላ መሆኑን ይነግሩናል። የአርመኑን ወርቅ ቤት፣ የግሪኩን ዳቦ ቤት፣ የእንጨት ሰገነት ያለውን ፎቅ፣ ከሲኒማ ሲወጡ ክራባታቸውን የሚያስተካክሉትን ወንዶች እያነሱ ያስደንቁናል። በወጣትነታቸው እዚያው ኬክ ቤት ሠርተዋል። ባላቸው ጋሽ ተክሌም ከወርቅ ቤቶቹ በአንዱ አንጥረኛ ነበሩ።

«በመስኮት አጮልቆ ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ክሬሙን አበላሸዋለሁ» ብለው ይስቃሉ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው ይቋረጣል። «ከዚያስ?» ስንላቸው፣ «ከዚያማ ተኙ» ይሉና ፍሙን በአመድ ያዳፍናሉ።

አድጌ አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ መሆኑን እትዬ በሬዲዮ ሰሙ። በዚያ እርጅናቸው በአውቶቡስ መጡ። «ሳያልቅ ልየው» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። አልቆ ነበር። ሰፊ መንገድ፣ አዲስ የተተከለ ዛፍ፣ የሚያብለጨልጭ የእግረኛ መሄጃ። እትዬ ወደ ላይ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ። አንድ ወጣት ጥበቃ ቀረብ ብሎ፣ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» አላቸው።

«በር ጠፋብኝ፣ ልጄ።»

ልጁ ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ። እኔም አልገባኝም ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው ነው ያን ሁሉ ዘመን የዘለሉትን የነገሩኝ።

«በደርግ ጊዜ ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። ተክሌ ኬክ ቤቱ በር ላይ አቆመኝና፣ ‹መጣሁ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ› ብሎኝ ሄደ። ሲይዙት አየሁ የሚል እንኳ አልተገኘም። መቃብር የለው። ቢመለስ የሚመለሰው እዚያ በር ላይ ነው ብዬ፣ ሞተ ሳልል ኖርኩ።»

«እትዬ፣ ለአባቴ እንኳ አልነገሩትም?»

«ከነገርኩትማ ተዝካሩን አውጪ ይለኛል።»

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጊዮርጊስ ውሰጂኝ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ እሳቸው ግን በየጥቂቱ እየቆሙ ሄዱ። ቅጥሩ ውስጥ አንድ ቄስ አግኝተው ለባሌ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግልኝ ሲሉ፣ ቄሱ «የክርስትና ስሙን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ «ወልደ ሚካኤል» አሉ። ቀጥለውም፣ ለራሳቸው ያህል፣ «ነፍሱን ይማር» አሉ። ያን ቃል ስለ ጋሽ ተክሌ ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ አዲስ ሟች አለቀሱላቸው።

በዚያው ዓመት ሞላሌ ላይ ተዝካር አወጡ። ጎረቤቱ ጠላ ተሸክሞ መጣ፤ ብዙው ሰው እትዬ ባል እንደነበራቸው እንኳ ያወቀው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ የፒያሳን ወሬ አላነሱም። የእህቴ ልጆች ሲለምኗቸው፣ «እናንተ ደግሞ፣ መንገድ ምን ይወራለታል» ይሏቸዋል። ብዙም ሳይቆዩ እሳቸውም አረፉ።

አሁን በዚያ ጎዳና ደጋግሜ አልፋለሁ። መንገዱ ያምራል፤ ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ፤ ሙሽሮችም ይመጣሉ። እኔ ግን ያ በር የትኛው ቦታ ላይ እንደነበር ስለማላውቅ፣ ሁሉንም ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው።